ከተበተነው የደረሰው

እ.ኤ.አ. በ1951 በአሜሪካዋ የአዮዋ ግዛት፣ ሴዳር ራፒድስ ከተማ ላይ የተተከለ አንድ ኃይለኛ ማሰራጫ በ49.8 ሜጋኸርዝ ወደ ምሥራቅ መላክ ጀመረ። ዜናም ሙዚቃም አልነበረውም፤ የሚልከው አንድ ወጥ ሞገድ ብቻ ነበር። ከዚያ 1,245 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በቨርጂኒያ ግዛት ስተርሊንግ በተባለ ስፍራ፣ የአገሪቱ ብሔራዊ የደረጃዎች ቢሮ ባለሙያዎች አንቴናቸውን ወደ ምዕራብ አዙረው ያዳምጣሉ። በጊዜው ይሰጥ ከነበረው ትምህርት ከተነሣን ምንም መስማት አልነበረባቸውም። እነሱ ግን ሰሙ። ምልክቱ ደካማ ነው፤ ከፍ ዝቅ ይላል፤ አልፎ አልፎም ፉጨት የመሰለ ድምፅ ጣልቃ ይገባበታል። ቢሆንም ቀን ይሁን ሌሊት፣ በጋ ይሁን ክረምት አይጠፋም።

መስማት ያልነበረባቸው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው የምድር ክብነት ነው። የሬዲዮ ሞገድ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ይጓዛል፤ በሁለቱ ስፍራዎች መካከል ግን የምድር ጀርባ ጎብጦ ቆሟል። ሁለተኛው ምክንያት ከሰማዩ ይመጣል። ከምድር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ሲባል አዮኖስፌር የሚባለው የከባቢ አየር ክፍል ይጀምራል። እዚያ የፀሐይ ጨረር ከአየሩ ላይ ኤሌክትሮኖችን እየነጠቀ ይለቃቸዋል፤ የተለቀቁት ኤሌክትሮኖች ደግሞ ዝቅተኛ ድግግሞሽ ያለውን ሞገድ እያጎበጡ ወደ ምድር ይመልሱታል። አጭር ሞገድ ከአህጉር አህጉር የሚሻገረው በዚህ ነው። ድግግሞሹ ከ30 ሜጋኸርዝ ገደማ ካለፈ ግን ኤሌክትሮኖቹ አብዛኛውን ጊዜ አቅም ያጥራቸዋል፤ ሞገዱ ሰንጥቋቸው ወደ ጠፈር ያመልጣል። ከሴዳር ራፒድስ የተላከው ሞገድ እንግዲህ ከሚያመልጡት ወገን ነበር።

በእርግጥም አምልጧል። ከማሰራጫው የወጣው ኃይል ከሞላ ጎደል ሁሉም ጠፈር ገብቷል። ስተርሊንግ የደረሰው በመንገድ ላይ የተንጠባጠበው ነው። በሁለቱ ስፍራዎች አጋማሽ፣ ኦሃዮ አካባቢ፣ 85 ኪሎ ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ያለው ስስ አየር ሰላም የለውም። ይታመሳል፤ ይሽከረከራል፤ ኤሌክትሮኖቹም አንድ ቦታ ጠቅጠቅ፣ ሌላ ቦታ ሳሳ ይላሉ። ሞገዱ በዚያ ሲያልፍ እያንዳንዱ ክምችት እጅግ ጥቂቱን ወደ ጎን ይበትነዋል፤ ከተበተነውም የጥቂት ጥቂቱ ወደ ቨርጂኒያ ያዘነብላል። በ1952 ስምንት ሳይንቲስቶች ግኝቱን ፊዚካል ሪቪው በተባለው መጽሔት ላይ አወጡ። ከስምንቱ መካከል በዚያው ዓመት የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ኤድዋርድ ፐርሴል፣ በኋላ የፕሬዚዳንት ኬኔዲ የሳይንስ አማካሪ የሆነው ጀሮም ዊዝነር፣ እንዲሁም ሎይድ በርክነርና ሄንሪ ቡከር ይገኙበታል።

የተላከው ሁሉ ማለት በሚቻል ደረጃ ጠፍቶ፣ የቀረውም ተሰባብሮ ቢደርስ፣ መልእክቱ ደርሷል ይባላል ወይ? መሐንዲሱ “ተነቧል አይደል?” ብሎ ያልፈዋል። ጥያቄው ግን እንዲህ በቀላሉ የሚያልፍ አይደለም።

የሬዲዮ ታሪክ መጀመሪያውን የቆመው በመስተዋት ሐሳብ ላይ ነው። ታኅሣሥ 12 ቀን 1901 ጉልየልሞ ማርኮኒ በኒውፋውንድላንድ፣ ሲግናል ሂል በተባለው ኮረብታ ላይ አንቴናውን በካይት ሰቅሎ፣ ከእንግሊዝ ኮርንዎል ባሕረ ገብ ምድር የተላከችውን የሞርስ ፊደል፣ ሦስት ነጥቦችን፣ ሰማሁ አለ። ምድር ክብ ሆና ሳለ ሞገዱ አትላንቲክን እንዴት ተሻገረ? በማግሥቱ ዓመት እንግሊዛዊው ኦሊቨር ሄቪሳይድና አሜሪካዊው አርተር ኬኔሊ፣ ሳይመካከሩ፣ አንድ መልስ ሰጡ፤ ከላይ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ንብርብር አለ፣ ሞገዱም እየነጠረ ይመለሳል አሉ። በ1924 ኤድዋርድ አፕልተን የቢቢሲን የቦርንመዝ ማሰራጫ ተጠቅሞ ንብርብሩ መኖሩን በሙከራ አሳየ፤ ከፍታውንም ለካ። በ1947 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። ሰማዩ መስተዋት መሆኑ ተረጋገጠ ተባለ።

ይህን መስተዋት ኢትዮጵያውያን በጆሯቸው ያውቁታል። ከ1963 ጀምሮ ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ከአዲስ አበባ በአጭር ሞገድ ወደ ሌላው አፍሪካ፣ ወደ መካከለኛው ምሥራቅና ወደ እስያ ያሰራጭ ነበር። የጀርመን ድምፅ በ1965፣ የአሜሪካ ድምፅ በ1982 በአማርኛ መናገር ሲጀምሩም የመጡት በዚያው የሰማይ መንገድ ነው። ማታ ማታ በአንቴናው ላይ ሽቦ ጠምጥሞ፣ ቁልፉን በዝግታ እያዞረ ጣቢያ የሚፈልግ አድማጭ፣ ድምፁ ሞቅ ብሎ ሲመጣ፣ ከዚያ ሲሰምጥ፣ ከሌላ አገር ቋንቋ ጋር ሲደባለቅ ያስተውላል። ችግሩን በሬዲዮው ወይም በባትሪው ያሳብባል። ያን ጊዜ የሚያዳምጠው ግን የሰማዩን ጠባይ ጭምር ነበር፤ ሞገዱን የሚመልሰው ንብርብር ሲወርድ ሲወጣ፣ በተለያየ መንገድ የመጡ ሞገዶች አንዱ ሌላውን ሲያግዝና ሲያጠፋ።

መስተዋት ግን ልስላሴ ይፈልጋል። ሻካራ መስተዋት ፊትን አያሳይም። ስለዚህ የመጀመሪያው ትውልድ ተመራማሪዎች የሰማዩን ሻካራነት የሚያዩት እንደ ጉድለት ነበር። በ1938 ቡከር ከሃሪ ዌልስ ጋር ሆኖ በፔሩ ተራሮች፣ ሁዋንካዮ በሚገኘው ታዛቢ ጣቢያ የተመዘገቡ መረጃዎችን ሲመረምር አንድ እንግዳ ነገር አየ። ጣቢያው ወደ ላይ ሞገድ እየላከ የሚመለሰውን በፊልም ላይ ይቀርጻል። ቀን ቀን ፊልሙ ላይ የሚታየው ቀጭን፣ ጥርት ያለ መስመር ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ግን፣ በአንዳንድ ምሽቶች፣ መስመሩ ይደበዝዝና እንደ ፈሰሰ ቀለም ይሰፋል። ሌላ ሰው ቢሆን የተበላሸ ፊልም ብሎ ይተወው ነበር። ቡከርና ዌልስ ግን የላይኛው ንብርብር ራሱ እየተሰባበረ ሞገዱን እንደሚበትነው ተረዱና ይህንኑ ጻፉ። ሁዋንካዮ ከምድር ማግኔታዊ ወገብ አጠገብ ያለች መሆኗ ድንገተኛ አለመሆኑ በኋላ ተረጋገጠ፤ ምድራዊው ወገብና ማግኔታዊው ወገብ ይለያያሉ፣ ሁለተኛው ግን የኢትዮጵያንም ሰማይ ያቋርጣል።

ቡከር ይህን ሐሳብ ይዞት ዘለቀ። ወደ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ከሄደ በኋላ በ1950 ከተማሪው ዊልያም ጎርደን ጋር በታችኛው ከባቢ አየር ውስጥ ስለሚደረገው ብተና አንድ ንድፈ ሐሳብ አሳተመ። የአየሩ ሁከት ሞገድን ይበትናል፤ የሚበትነውም አብዛኛውን ወደ ፊት፣ ከመንገዱ ጥቂት ዘንበል አድርጎ ነው የሚል ነበር። ይህን ዓይነቱን ነገር ማርኮኒ በ1932 አግኝቶት ነበር፤ ከሮም አጠገብ የላከው በጣም አጭር ሞገድ ከአድማስ በላይ አልፎ 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ሰርዲኒያ ተሰምቷል። ሁለት አሥርት ዓመታት ያህል የሚከታተለው አልተገኘም። የትምህርት መጽሐፍ “አይሆንም” ያለውን ነገር ሰው ብዙ ጊዜ አግኝቶት እንኳ አያነሣውም።

ብተና ምን እንደሚሠራ ለማየት ሬዲዮ አያስፈልግም። ጎሕ ሲቀድ ፀሐይ ገና ከአድማስ በታች ናት፤ ጨረሯ ከምድር ጀርባ ተጋርዷል። ሆኖም መንገዱ ይታያል፣ የሰው ፊትም ይለያል። ብርሃኑ የመጣው ከላይ ያለው አየር የፀሐይን ጨረር በትኖ ጥቂቱን ወደ ታች ስለሚልክልን ነው። ቀኑን ሙሉ ሰማዩ ሰማያዊ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት እንደሆነ ሎርድ ሬሌይ በ1871 አስረድቷል። አየር በሌለባት ጨረቃ ላይ ጎሕ የለም፤ ፀሐይ በድንገት ትወጣለች፣ ሰማዩም በቀን ጥቁር ነው። ስተርሊንግ ላይ የተሰማው ምልክት የዚሁ ዘመድ ነው፤ ከአድማስ በታች ካለ ምንጭ፣ በሰማዩ ሁከት ተበትኖ የመጣ።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ልማድ ይፈተናል። ሰው እውቀትን ሲያስብ በአብዛኛው ጥርት ያለ መካከለኛን ይመኛል፤ ንጹሕ መስተዋት፣ ያልደፈረሰ ውኃ፣ የማያዳላ ምስክር። መካከለኛው ራሱን ባጠፋ መጠን እውነቱ ሳይነካ ይደርሳል ይባላል። ብተና ይህን አይቀበልም። በሴዳር ራፒድስና በስተርሊንግ መካከል ያለው ሰማይ ፍጹም ለስላሳ ቢሆን ኖሮ 49.8 ሜጋኸርዝ ላይ የተላከው ሞገድ ያለ አንዳች እንከን ጠፈር ይገባ ነበር፤ ቨርጂኒያ ላይም ዝምታ ይሆን ነበር። ሁለቱን ያገናኘው የአየሩ አለመስተካከል ነው። ጉድለቱን ከመንገዱ ላይ ብናነሣው መንገዱም አብሮ ይነሣል።

የአሜሪካ ጦር ይህን በሰሜኑ ዋልታ አካባቢ በተግባር አየው። በ1950ዎቹ የቀዝቃዛው ጦርነት ግንባር በካናዳ፣ በግሪንላንድና በአይስላንድ ሰማይ ላይ ነበር፤ ከዚያ አካባቢ ጋር አስተማማኝ ግንኙነት ማጣት ለማንም የሚዋጥ አልነበረም። ችግሩ የዋልታው ሰማይ ነው። ፀሐይ ላይ ኃይለኛ ፍንዳታ ሲከሰት ወደ ምድር የሚወረወሩት ቅንጣቶች በማግኔቱ መስመር እየተመሩ ዋልታዎቹ ላይ ይወርዳሉ፤ የታችኛውን አዮኖስፌር በኤሌክትሮን ይሞሉታል፤ አጭር ሞገድም እዚያ ተውጦ ይቀራል። ይህ አፈና ለቀናት ሊቆይ ይችላል። አሜሪካኖች በአስመራ ደጋ ላይ ቃኘው የተባለውን የጦር ሬዲዮ ጣቢያ ያቋቋሙበት አንዱ ምክንያት፣ ከከፍታው በተጨማሪ፣ ከዚህ ዓይነቱ የዋልታ ሁከት ርቆ መገኘቱ ነበር። በሰሜን ግን መሸሻ የለም። የብተናው መሥመር መፍትሔ ሆኖ ተገኘ። አጭሩን ሞገድ የሚውጠው የኤሌክትሮን መብዛት የተበተነውን ምልክት ጭራሽ የሚያጠነክርበት ጊዜ ነበር። አንዱን ያጠፋው ማዕበል ለሌላው ስንቅ ሆነ።

ደስ የሚለው፣ ምናልባትም የሚያስገርመው፣ ነገሩ ሥራ ላይ ሲውል በትክክል የሚሠራበት ምክንያት ገና አልታወቀም ነበር። ቡከርና ጓደኞቹ የአየር ሁከት ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ፣ አይደለም፣ በየሰከንዱ ወደ ከባቢ አየር እየገቡ የሚቃጠሉት የማይታዩ ጥቃቅን ተወርዋሪ ኮከቦች ናቸው፣ የተውት የኤሌክትሮን ዱካ ነው ሞገዱን የሚመልሰው ይላሉ። ያ በመቀበያው ውስጥ ጣልቃ የሚገባው ፉጨት የተወርዋሪዎቹ ድምፅ ነበርና ክርክሩ መሠረት አለው። ሁለቱም ድርሻ እንዳላቸው፣ ድርሻቸውም እንደ ሰዓቱና እንደ ወቅቱ እንደሚለያይ ታወቀ። በመካከሉ ግን የቴሌፕሪንተር መልእክት በአርክቲክ ላይ ይመላለስ ነበር። ማብራሪያው ሳይጠናቀቅ አገልግሎቱ መቀጠሉ ለፍልስፍና ሰው የማይመች ይመስላል። ሆኖም ማርኮኒም ሦስቱን ነጥቦች የሰማው እንዲህ ነው፤ ምን እንደሚመልስለት ሳያውቅ።

ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም። ደካማ ምልክት ለመስማት በአሥር ሺዎች ዋት የሚቆጠር ኃይልና ግዙፍ አንቴና ያስፈልጋል። የተበተነው ሞገድ በብዙ ትንንሽ መንገዶች ስለሚመጣ በየቅጽበቱ ይዋዥቃል፤ ስለዚህ ተራርቀው የቆሙ ሁለት አንቴናዎች አንዱ ሲደክም ሌላው እንዲያነሣ ይደረጋል። ከሁሉ የሚከብደው የመንገዱ ጥበት ነው። ጥቂት የቴሌፕሪንተር መሥመሮችን ይሸከማል፤ የቴሌቪዥን ምስል አይታሰብም። ርቀቱም በምድር ክብነት ምክንያት ከ2,000 ኪሎ ሜትር ብዙ አይዘልም። በታችኛው ከባቢ አየር ብተና የሚሠሩት መሥመሮች፣ ለምሳሌ አላስካ ላይ የተዘረጋው ኋይት አሊስ፣ አጠር ባለ ርቀት ብዙ ስልክ መሸከም ስለቻሉ የተሻለ ዕድሜ አገኙ። ቀጥሎ ሳተላይት መጣ። በብተና መነጋገር የሚፈልግ ሰው ንግግሩን ማሳጠር ነበረበት።

ማሳጠር ብቻ ሳይሆን መጠበቅም ያለበት ዘዴ ካናዳውያን ሠርተዋል። ጃኔት በተባለው ፕሮጀክታቸው፣ ያንኑ የተወርዋሪ ኮከብ ዱካ ዋና መንገድ አደረጉት። አንድ ዱካ አብዛኛውን ጊዜ ከሰከንድ ያነሰ ይቆያል። ስለዚህ መልእክቱ ተዘጋጅቶ ይቀመጣል፤ ጣቢያው አንድ ምልክት እየላከ ያደፍጣል፤ በትክክለኛው ቦታ ላይ አንድ ቅንጣት ተቃጥላ መንገድ ስትከፍት መሣሪያው ያንን ያውቅና የተጠራቀመውን በከፍተኛ ፍጥነት ያፈሰዋል። ዱካው ሲበተን ዝም ይላል። ቀጣዩ መንገድ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም፤ ግን ቅንጣቶቹ ስለማያልቁ መንገድ መገኘቱ አይቀርም። ይህ ዘዴ ከወታደሩ ወደ ገበሬው ተሻግሯል። በምዕራብ አሜሪካ ተራሮች ላይ የበረዶ መጠን የሚለኩ ስኖቴል የተባሉ ሰው አልባ ጣቢያዎች፣ በጸደይ ምን ያህል የመስኖ ውኃ እንደሚኖር ለማወቅ የሚያስፈልገውን መረጃ ለአሥርት ዓመታት የላኩት በተወርዋሪ ኮከብ ዱካ ነበር።

መጠበቅ ያልወደደም ነበር። የውቅያኖስ ኬብል ሊቆረጥ፣ አዮኖስፌሩም በፀሐይ ማዕበል ወይም በኑክሌር ፍንዳታ ሊረበሽ ይችላል በሚል ስጋት፣ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ሊንከን ላቦራቶሪ የራሱን በታኝ ሰማይ ሊሠራ ተነሣ። የዌስት ፎርድ ፕሮጀክት ይባላል። በ1961 የተደረገው የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ግንቦት 1963 ግን እያንዳንዳቸው ሁለት ሴንቲ ሜትር የማይሞሉ፣ ከፀጉር የቀጠኑ 480 ሚሊዮን የመዳብ መርፌዎች ከምድር 3,500 ኪሎ ሜትር በላይ ተለቀቁና ምድርን እንደ ቀለበት ዞሩ። ከካሊፎርኒያ የተላከ ድምፅ በእነሱ ላይ ተበትኖ ማሳቹሴትስ ደረሰ። የሥነ ፈለክ ሊቃውንት በተለይም በእንግሊዝ፣ ሰማዩን ለሁላችንም ታደፈርሱታላችሁ ብለው ተቃወሙ። አብዛኞቹ መርፌዎች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ ምድር ተመለሱ፤ ተጣብቀው የቀሩ ጥቂት ክምሮች ግን አሁንም እንደ ጠፈር ቆሻሻ ይዞራሉ። ሁከትን ማምረት ሁከትን ከመጠቀም የተለየ መሆኑን፣ ደግሞም ሰማይ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ከሬዲዮ መሐንዲስ አቅም በላይ መሆኑን፣ ይህ ፕሮጀክት ቀድሞ አሳይቷል።

እስካሁን የተወራው ስለ ላኪና ተቀባይ ነው። ነገር ግን በ1950ዎቹ መጨረሻ ጥያቄውን የገለበጡ ሰዎች ተነሡ። መሐንዲሱ መዋዠቁን አጥፍቶ መልእክቱን ማስቀረት ይፈልጋል። መልእክቱ ተጥሎ መዋዠቁ ቢቀመጥስ? የተበተነው ሞገድ የበተነውን ነገር ጠባይ ይዞ ይመጣልና።

የቡከር ተማሪ የነበረው ጎርደን በ1958 ከዚህ የባሰ ደፋር ሐሳብ አቀረበ። የኤሌክትሮን ክምችት ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ ኤሌክትሮን በየራሱ ሞገድ ይበትናል፤ ምልክቱ እጅግ ደካማ ቢሆንም በቂ ኃይልና በቂ ስፋት ያለው አንቴና ከተገኘ ከመሬት ሆኖ የላይኛውን ሰማይ ሙቀትና ብዛት ማንበብ ይቻላል አለ። ኬኔዝ ቦውልስ የተባለ ሌላ ተመራማሪ በዚያው ዓመት ኢሊኖይ ላይ በነበረ መሣሪያ ሞከረውና ምልክቱን አገኘ። ግን ጎርደን ከገመተው የተለየ ነበር፤ ኤሌክትሮን የተነጠቁት ከባድ ቅንጣቶች፣ አዮኖቹ፣ ኤሌክትሮኖቹን ስለሚገሯቸው የሚመለሰው ሞገድ በጠባብ ክልል ውስጥ ተሰብስቦ ይመጣል፤ ስለዚህም ለመስማት የታሰበውን ያህል ትልቅ አንቴና አያስፈልግም ነበር። ጎርደን ያሰበው ሳህን ግን ከመሠራት አልቀረም። ኅዳር 1963 በፖርቶ ሪኮ፣ አረሲቦ አጠገብ ባለ ተፈጥሯዊ ጉድጓድ ውስጥ ተዘርግቶ ተመረቀ፤ ስፋቱ 305 ሜትር ነበር። ለአዮኖስፌር ከሚያስፈልገው በላይ ሰፍቶ በመሠራቱ ሌላ ሥራ ይዞ መጣ። በ1974 ራስል ሃልስና ጆሴፍ ቴይለር፣ ሌላ ኮከብን የምትዞር፣ ፐልሳር የተባለች የኮከብ ዓይነት በዚህ ሳህን አገኙና በ1993 ኖቤል ተሸለሙበት። ሳህኑ ታኅሣሥ 1 ቀን 2020 እስኪፈርስ ድረስ የአዮኖስፌር ሥራውን አልተወም። በተሳሳተ ስሌት የተገኘ ስፋት ከትክክለኛው ስሌት የበለጠ ፍሬ አፍርቷል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በፔሩ ዋና ከተማ ሊማ አጠገብ ደግሞ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የሂካማርካ ራዳር ተሠራ። ሳህን የለውም፤ በምድር ላይ የተነጠፉ 18,432 አንቴናዎች አሉት፤ የሚሠራውም 50 ሜጋኸርዝ ገደማ ነው፤ ለሴዳር ራፒድስ ማሰራጫ እጅግ የቀረበ ድግግሞሽ። ቦታው የተመረጠው በማግኔታዊው ወገብ ላይ ስለሆነ ነው። በዚያ መስመር ላይ፣ 105 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ቀን ቀን ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት አለ። ጅረቱ ሲፈስ ይታመሳል፣ ሲታመስ ሞገድ ይበትናል፣ ራዳሩም ያነብበዋል።

ያው ጅረት በአዲስ አበባ ላይም ያልፋል፤ እዚህም ቀድሞ ያስተዋለው ሰው ነበር። በሚያዝያ 1950 ሎይድ በርክነር በጄምስ ቫን አለን ቤት ራት ላይ ያነሣው ሐሳብ በ1957 እና በ1958 የተካሄደውን ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ወለደ። በዚህም ምክንያት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አንድ የጂኦፊዚክስ ታዛቢ ጣቢያ ተቋቋመ፤ መሥራቹ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ አባ ፒየር ጉዋን ነበሩ። አባ ጉዋን ሬዲዮ አላሰራጩም፤ የምድርን ማግኔት ነበር የሚመዘግቡት። የጅረቱ ኃይል በማግኔቱ ልኬት ላይ በየቀኑ እኩለ ቀን ገደማ ጉብታ ሆኖ ይታያል። በአንዳንድ ቀናት ግን መስመሩ ወደ ታች ሲገለበጥ አዩ። መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ መተው ይቻል ነበር። እሳቸው ግን በ1962 ይህንኑ ጻፉ። ከአምስት ዓመት በኋላ ከፈረንሳዊው ፒየር ማዮ ጋር፣ ጅረቱ አንዳንዴ ወደ ኋላ ይፈሳል የሚለውን ሐሳብ አቀረቡ። በማግኔታዊው ወገብ የሚደረግ ጥናት ዛሬ ይህን የተገላቢጦሽ ጅረት ሳያነሣ አያልፍም።

መልእክቱ ይቀመጥ ወይስ መዋዠቁ የሚለው ጥያቄ ዛሬም በዚያው ከተማ ላይ ሌላ መልክ ይዞ ቆሟል። አዲስ አበባ ውስጥ አዲስ በሚል ምኅጻር የሚታወቅ፣ የዓለም አቀፉ የጂፒኤስ መረብ አባል የሆነ መቀበያ አለ። ሳተላይቶቹ በ1,575.42 እና በ1,227.60 ሜጋኸርዝ የሚልኩትን ምልክት ይቀበላል። ሁለቱም ሞገዶች አዮኖስፌሩን ሰንጥቀው የሚያልፉ ናቸው፤ ግን ኤሌክትሮኖቹ ትንሽ ያዘገዩአቸዋል፣ ዝቅተኛውን የበለጠ። ይህ መዘግየት ካልታረመ ቦታውን በብዙ ሜትሮች ሊያሳስት ይችላል። ስምጥ ሸለቆው በዓመት በጥቂት ሚሊ ሜትር ሲከፈት መለካት የሚፈልግ የምድር ሳይንቲስት ሁለቱን ሞገዶች አነጻጽሮ መዘግየቱን ያሰላል፣ ይቀንሰዋል፣ ይጥለዋል። የሚቀረው የምድሪቱ እንቅስቃሴ ነው። የአዮኖስፌር ተመራማሪው ከዚያው መቀበያ፣ ከዚያው ቁጥር፣ የመጀመሪያው የጣለውን አንሥቶ ይወስዳል፤ ለእሱ መቀበያው የቆመበት ቦታ የታወቀ ነገር ነው፤ የሚፈልገው ሞገዱ ስንት ኤሌክትሮን አልፎ እንደመጣ ነው። ሁለቱ ሰዎች በአንድ መሣሪያ ላይ ተቀምጠው አንዱ የሌላውን ስሕተት ይሰበስባል።

ይህን ይዞ “መልእክቱ የቱ ነው?” ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ ሞገዱ ውስጥ ግን መልስ የለም። ሞገዱ ላኪውንም መንገዱንም በአንድነት ተሸክሞ ይመጣል፤ የሚለያያቸው ተቀባዩ ነው፣ የሚለያቸውም ምን እንደሚፈልግ አስቀድሞ ስላወቀ ነው። ስተርሊንግ ላይ የነበሩት ሰዎች ልዩ ያደረጋቸው እዚህ ላይ ይመስላል፤ የትምህርት መጽሐፉ ከሰጣቸው ሁለት ምርጫዎች፣ ከምልክትና ከዝምታ፣ ሦስተኛውን ለመስማት መሣሪያቸውን ክፍት አድርገው ቆይተዋል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ሁለቱ ተመራማሪዎች አብረው የሚያጡበት ጊዜ ነው። በማግኔታዊው ወገብ አካባቢ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ በተለይ ቀንና ሌሊት በሚተካከሉባቸው የመጋቢትና የመስከረም ሳምንታት፣ የላይኛው አዮኖስፌር ከሥሩ እየተቦረቦረ ኤሌክትሮን የሳሳባቸው ግዙፍ አረፋዎች ወደ ላይ ይነሣሉ። ቡከርና ዌልስ በሁዋንካዮ ፊልም ላይ ያዩት መደብዘዝ የእነዚህ ሥራ ነው። የሳተላይቱ ሞገድ በእነሱ ውስጥ ሲያልፍ ይበተናል፣ እንደ ኮከብ ብልጭ ድርግም ይላል፤ መቀበያውም ለጊዜው ምልክቱን ይጥላል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ በአገሪቱ ያሉ የጠፈር አየር ጠባይ ተመራማሪዎች የሚያጠኑት አንዱ ነገር ይኸው ነው። የሴንቲ ሜትር ጥራት የሚጠበቅበት ቀያሽ በእነዚያ ወራት ሥራውን ወደ ጠዋት ቢያዞር አይፈረድበትም። ተመራማሪው ደግሞ በተቃራኒው ምሽቱን ይመርጣል፤ ምልክቱ ስንት ጊዜ እንደተዋዠቀ፣ ስንት ጊዜ እንደጠፋና ለምን ያህል ሰከንድ እንደቆየ በሠንጠረዥ ያሰፍራል፤ የትኛው የሰማይ ክፍል ላይ እንደነበረም ይጨምርበታል።